ሃርዱን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ለጎደለ ድራይቨር የትኛው መፍትሔ ይሻላል?

አራት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነኝ። ሰኔ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ስለደረሰ ተማሪው እስከ በሩ ተሰልፏል። አንዱ ልጅ አርባ ሜጋባይት የሚሆን ፋይሉን አስገልብጧል። ለመክፈት ሁለቴ ጠቅ ተደረገ። ማውሱ ቀጥ አለ። ከዚያ ትንሽ ዘለለና እንደገና ቀጥ አለ። ፋይሉ ሲከፈት ከኋላ ያሉት ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

የቤቱን ባለቤት እትዬ ነው የምላቸው። ኮምፒውተራቸው የሚሠራው በኡቡንቱ ነው፤ በሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ሲስተም። ምክንያታቸውም በቂ ነው። ከተማሪ ፍላሽ የሚመጣው የሾርትከት ቫይረስ ዊንዶውሱን በየሳምንቱ ያስፎርማቸው ነበር። ከዚያ ችግር ተገላገሉ፤ አሁን ግን ማሽኑ ተንቀርፍፎ መከራቸውን አሳያቸው።

«የኔ ልጅ፣ ሃርዱ ሞቷል ተብያለሁ። አዲስ ልግዛ ወይስ ምን ይሻለኛል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አንድ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አልኩ።

ሃርዱ አልሞተም ነበር። የጎደለው ድራይቨር ነው፤ ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም። አዲስ ሃርድ ቢገዙ ኖሮ አዲሱም እንደ አሮጌው ይንቀረፈፍ ነበር። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ላይ ተሳስቶ ስለሆነ፣ ያሉትን መፍትሔዎች አንድ በአንድ ላወዳድራችሁ።

በመጀመሪያ መለካት

ቀርፋፋ የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ቁጥር ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ኤችዲፓርም የሚባል ትዕዛዝ አለ። ከትንሿ ቲ ጋር በአስተዳዳሪ ፈቃድ አስኪዱት፤ ዲስኩ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እንደሚያነብ ይነግራችኋል። ሌላ ሥራ ሁሉ ተዘግቶ ሦስት ጊዜ ድገሙት።

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር የዴስክቶፕ ሃርድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ቢያነብ ጤነኛ ነው። 5400 የሚሽከረከረው የላፕቶፕ ሃርድ ከ80 እስከ 120 አካባቢ ይደርሳል። ዕድሜው ከገፋ ደግሞ 60 እና 70 ቢያሳይም አትደንግጡ። በሳታ ገመድ የሚሠራ ኤስኤስዲ 500 ያልፋል፤ ቦርዱ የድሮው ሳታ 2 ከሆነ ግን በግማሽ ይወርዳል።

የእትዬ ማሽን ያወጣው 3.2 ነበር። ደገምኩት። 3.2። ለሦስተኛ ጊዜ 3.1።

አርባ ሜጋባይቱን ለ3.2 አካፍሉት። አሥራ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይመጣል። ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ አንድ ጊጋባይት ያህል ቢያነብ ደግሞ አምስት ደቂቃ ያልፋል። እትዬ ማሽኑን ለኩሰው ቡና አፍልተው ሲመለሱ ገና እየተነሳ ነው የሚሉት ለካ እውነታቸውን ነው።

3.2 ከየት መጣ?

ዲስክ መረጃን ወደ ማስታወሻ የሚያደርስበት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዲኤምኤ ይባላል፣ ሌላው ፒአይኦ።

መርካቶ ያለ ባለሱቅን አስቡት። ዕቃ የጫነ መኪና መጣለት። ተሸካሚዎች ካሉት «እዚያ አራግፉ» ብሎ ወደ ደንበኛው ይዞራል። ዲኤምኤ ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ ያዛል፣ መቆጣጠሪያው ይሸከማል። ተሸካሚ ከሌለው ግን ባለሱቁ ራሱ እያንዳንዷን ከረጢት በጀርባው ያመላልሳል፤ ደንበኛውም ቆሞ ይጠብቃል። ፒአይኦ ይህ ነው። ማውሱ ቀጥ የሚለውም ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ዕቃ እየተሸከመ እጁን ለማውስ መዘርጋት አይችልም።

ፒአይኦ በከፍተኛው ደረጃው፣ ማለትም በ4ኛው ላይ፣ በወረቀት የተጻፈለት ጣሪያ በሰከንድ 16.6 ሜጋባይት ነው። በተግባር ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። ዲኤምኤው 133 ድረስ ይወጣል፣ ሳታ 3 ደግሞ 600 ገደማ።

ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው። የቦርዱን መቆጣጠሪያ በስሙ የሚያውቅ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ካለ በዲኤምኤ ያሠራዋል። ከሌለ፣ ጄነሪክ የሚባለው ለሁሉም የሚሆን ድራይቨር ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ይህ ድራይቨር ቦርዱን በደንብ አያውቀውም። ባዮስ፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም፣ አዘጋጅቶ የተወለትን ሁነታ ይዞ ይቀጥላል። ባዮሱ ዲኤምኤውን ካልከፈተው በፒአይኦ ይቀራል።

ማን እየሠራ እንደሆነ ለማየት ኤልኤስፒሲአይን ከትንሿ ኬ ጋር አስኪዱ። ሳታ ወይም አይዲኢ (ከሳታ በፊት የነበረው የዲስክ ግንኙነት) የሚል መቆጣጠሪያ ሥር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር አለ። ኤኤችሲአይ ካለ ደስ ይበላችሁ። ኤቲኤ ጄነሪክ ካለ ጠርጥሩ። ከዚያ ዲሜሴጅ በሚባለው የከርነል መዝገብ ውስጥ «ኮንፊገርድ ፎር» የሚለውን ፈልጉ። አጠገቡ ዩዲኤምኤ 133 ካለ ጥሩ ነው። ፒአይኦ 4 ካለ ሌባውን ያዛችሁት።

የሚመሳሰሉ ግን የማይገናኙ በሽታዎች

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሦስት ነገሮች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የየቅል ነው።

ድራይቨር ሲጎድል ማሽኑ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ቀርፋፋ ነው። ቁጥሩም አይዋዥቅም። ጠዋት 3.2፣ ማታ 3.2። መዝገቡ ውስጥ የስህተት ጩኸት የለም። ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ ይንቀረፈፋል።

ገመድ ሲበላሽ ታሪኩ ሌላ ነው። ማሽኑ ፈጥኖ ይነሳል። ከዚያ ስህተት ይመጣል፣ ሌላ ስህተት ይከተላል፣ ከርነሉም ለጥንቃቄ ፍጥነቱን በየደረጃው ያወርዳል። መጨረሻው ፒአይኦ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ውስጥ «ሊሚቲንግ ስፒድ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ስማርትሲቲኤል የሚባለው የዲስክ ጤና መመርመሪያ ላይ ደግሞ 199ኛው ቁጥር፣ የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪው፣ እያደገ ይሄዳል። ገመዱን ቀይሩት። ርካሽ ነው። ቆጣሪው ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ ግን ተሳክቶላችኋል።

ሃርዱ ራሱ ሲታመም ፍጥነቱ ወጣ ገባ ይላል። አንዴ 90፣ አንዴ 4። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሊኖርም ይችላል። 5ኛውን እና 197ኛውን መስመር እዩ። 5ኛው የተተኩ ሴክተሮች ናቸው፣ 197ኛው ደግሞ ማንበብ ያቃቱና ውሳኔ የሚጠብቁ። እነዚህ ከዜሮ በላይ ሆነው እያደጉ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አቁሙና ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ስለ ድራይቨር በኋላ እንነጋገራለን።

ይህን መለየት አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ መብራት እልም ድርግም ይላል። በአንድ መቆራረጥ ቦርድም ሃርድም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሰው «መብራቱ ነው የገደለው» ሲል ብዙ ጊዜ እውነት አለው። የተጎዳው የትኛው እንደሆነ ግን የሚነግራችሁ ምርመራው ብቻ ነው።

እትዬ ቤት ምን ተፈጠረ?

የማሽኑ ታሪክ መፍትሔውን ለመምረጥ ስለሚረዳ ልንገራችሁ። አንድ ዘመድ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ማሽኑ ቀለል እንዲል ብሎ ከርነሉን ራሱ ቆርጦ ሠርቶት ነበር። ከርነል ሲሠራ አንድ አቋራጭ አለ፦ በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ ያሉትን ሞጁሎች፣ ማለትም እንደ ድራይቨር ያሉ ሲያስፈልጉ የሚጫኑ የከርነል ክፍሎችን፣ ብቻ ያስቀርና ሌላውን ይጥላል። ከርነሉ ትንሽ ሆነ፣ ፈጣንም ሆነ። ለዚያ ቦርድ ማለት ነው።

ከወራት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ ተቃጠለ። ሃርዱ ተነቅሎ ከሌላ ስላሽ ማሽን ጋር ተገጠመ። የአዲሱ ቦርድ ቺፕሴት፣ ማለትም ዲስክና ሌላውን ዕቃ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው ቺፕ፣ ሌላ ነው። የተቆረጠው ከርነል ደግሞ አያውቀውም። ልጁ እንዲነሳለት ብቻ፣ ጄነሪኩ ያገኘውን መቆጣጠሪያ ሁሉ እንዲቀበል የሚያስገድድ ቃል ማስነሻው ላይ ጨመረ። ተነሳ። ሁሉም ደስ አለው። በ3.2 መሆኑን ግን ማንም አልለካም።

ልጁን አልወቅስም። እኔም ፒያሳ እያለሁ፣ 2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት፣ ከዚህ የባሰ ስህተት ሠርቼ የሰው ማሽን ሁለት ቀን አቁሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ሳልለካ የማልነካው።

አማራጮቹ

*የባዮስን ሁነታ መቀየር።* ወጪ የለውም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ባዮስ ውስጥ የሳታ ሁነታ የሚል ቦታ አለ። አይዲኢ ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩት። ኤኤችሲአይ ለሁሉም ኩባንያ ቦርድ የሚሆን የጋራ ደንብ ስለሆነ አንዱ ድራይቨር ብዙ ቦርድ ያሠራል፤ መደበኛዎቹ የሊኑክስ ከርነሎች ሁሉ ይዘውታል። ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የድሮ ቦርዶች ላይ ምርጫው ጭራሽ አለመኖሩ ነው። ከርነላችሁ እንደ እትዬ የተቆረጠ ከሆነም ድራይቨሩ ስለማይኖር ማሽኑ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። አትደንግጡ፤ ወደ ነበረበት መልሱት። ቅድሚያ የባዮሱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

በዚያው ሃርድ ላይ ዊንዶውስ አብሮ ካለ ግን ተጠንቀቁ። ሁነታውን ድንገት ከቀየራችሁ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል። ዊንዶውሱ መጀመሪያ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አድርጋችሁ አዘጋጁት፣ ከዚያ ባዮሱን ቀይሩ፣ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሳ በኋላ ወደ መደበኛው መልሱት። ላፕቶፑ ላይ ሬድ ወይም አርኤስቲ የሚል ሁነታ ካያችሁ ደግሞ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ሊኑክስ ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል።

*ያለውን ሞጁል መጫን።* አንዳንዴ ድራይቨሩ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ የጠራው ግን የለም። ሞድፕሮብ በሚባለው ትዕዛዝ ይጠራል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሰከንድ አይፈጅም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሲስተሙ የተቀመጠበትን ዲስክ ጄነሪኩ ከያዘው፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ትክክለኛውን ብትጠሩትም ቦታው ተይዟል። ሞጁሉ ይጫናል፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰውም «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ትክክለኛው መንገድ ሞጁሉን ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ በሚነበበው ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ማስገባት፣ ያንን ማደስ፣ ከዚያ ማጥፋትና ማስነሳት ነው። ጄነሪኩን የሚያስገድድ ቃል ማስነሻው ላይ ካለም አብሮ ይውጣ። ለሁለተኛ ዲስክ፣ ዳታ ብቻ ላለበት፣ ይህ መንገድ በጣም ቀላል ነው። የሞጁሉ ፋይል ጭራሽ ከሌለ ግን የሌለ ነገር አይጠራም።

*የስርጭቱን መደበኛ ከርነል መጫን።* የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ሳላወላውል እናገራለሁ። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚያዘጋጀው ከርነል ለማታውቁት ቦርድ ሁሉ የሚሆን ሞጁል ተሸክሞ ይመጣል። ትንሽ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን ነገ ቦርድ ቢቃጠልና ሃርዱ ሌላ ስላሽ ላይ ቢገጠም ይነሳል። እኛ ሰፈር ማሽን የሚኖረው እንደዚያ ነው፤ ከአንዱ ቦርድ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ።

ከሁሉ በላይ የምወድለት አሮጌውን ከርነል አለማጥፋቱን ነው። ማስነሻው ዝርዝር ላይ ሁለቱም ይቀመጣሉ። አዲሱ እምቢ ቢል አሮጌውን መርጣችሁ ትነሳላችሁ። ወጪው ኢንተርኔት ነው፤ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ያወርዳል። የኢንተርኔት ጥቅል ለመቆጠብ ሌላ ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ኡቡንቱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞጁሎቹ በሁለት ጥቅል ተከፍለዋል። በጥቂቱ የተጫነ ሲስተም ከሆነ ኤክስትራ የሚለው ሁለተኛው ጥቅል ሊቀር ይችላል። ስንት ሰው ከርነሉን አድሶ የሚፈልገው ድራይቨር እዚያኛው ውስጥ ቀርቶበታል።

*ከርነሉን ራስ መሥራት።* ለመማር ከሆነ ግሩም ነው። የተማርኩትን ግማሽ ከዚያ ነው ያገኘሁት። ለንግድ ቤት ማሽን ግን አልመክርም። በአሮጌ ማሽን ሰዓታት ይፈጃል፣ ብዙ ጊጋባይት ቦታ ይበላል፣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ አንገት ያስደፋል። የጸጥታ ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ደግሞ እንደገና መሥራት አለባችሁ። የግድ ከሆነ የኤኤችሲአይን እና የዋና ዋና ቺፕሴቶችን ድራይቨር አትጣሉ። የምታተርፉት ቦታ ኢምንት ነው።

*ዲኤምኤን በኤችዲፓርም ማስገደድ።* በአሮጌ መመሪያዎች ሁሉ ይህ ምክር አለ። ዘመኑ አልፎበታል። ዲስክ ኤችዲኤ እየተባለ ይጠራበት በነበረው የድሮ የአይዲኢ ክፍል ላይ ነበር የሚሠራው፤ ያ ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው የከርነል 5.14 ጀምሮ ተወግዷል። ዛሬ ብትሞክሩት ስህተት ነው የሚመልስላችሁ። እለፉት።

*ኤስኤስዲ መግዛት።* ኤስኤስዲን እወደዋለሁ። ለአሮጌ ማሽን እንደሱ ነፍስ የሚዘራ ነገር የለም። ግን ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ድራይቨሩ ሳይስተካከል ኤስኤስዲ ብትገጥሙ እሱም በዚያው በባለሱቁ ጀርባ ነው የሚጓዘው። ብራችሁን አውጥታችሁ ያው ማውስ ቀጥ ይልባችኋል። ሻጩ ጋ ተመልሳችሁ ብትጨቃጨቁም ዕቃው ጤነኛ ነው። ድራይቨሩ ተስተካክሎ፣ ሃርዱ 90 እያነበበ፣ አሁንም ካልበቃችሁ ያኔ ግዙ። 197ኛው መስመር እያደገ ከሆነም ግዙ፣ ያውም ዛሬ።

ውጪ ሃርድ ላላችሁ

በዩኤስቢ የሚሰካ ሃርድ ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በሰከንድ 30 እና 40 ሜጋባይት ካያችሁ በዩኤስቢ 2 እየሠራ ነው፤ ሰማያዊውን ቀዳዳ ሞክሩ። 1 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነ የዩኤስቢ 2 ድራይቨሩ ራሱ ጎድሎ በዩኤስቢ 1 ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሃርዱ በዊንዶውስ ፎርማት፣ በኤንቲኤፍኤስ፣ የተፎረመተ ከሆነ ደግሞ ከከርነል ውጪ የሚሠራው የድሮው ድራይቨር ፕሮሰሰር ይበላል። ከ5.15 ጀምሮ ከርነሉ የራሱን ኤንቲኤፍኤስ 3 ይዟል፤ እሱ ይቀልላል።

እትዬ ቤት ምን መረጥን?

መደበኛውን ከርነል በስልኬ ኢንተርኔት አወረድኩ፣ ኤክስትራውንም ጨምሬ። ያቺን የማስገደጃ ቃል ከማስነሻው ላይ አወጣኋት። ቀጥሎ ባዮሱን ፎቶ አንስቼ ወደ ኤኤችሲአይ ቀየርኩ። ዊንዶውስ ስለሌለበት የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ ባዮሱን ቀድሜ ብቀይር ኖሮ የተቆረጠው ከርነል አይነሳም ነበር።

ማሽኑ ተነሳ። መጀመሪያ ድራይቨሩን አየሁ። ኤኤችሲአይ። ከዚያ ለካሁ። 94። ደገምኩት። 96።

እትዬ ከጎኔ ቆመዋል። «ይሄ ነው እንዴ?» አሉ። የዚያን ልጅ ፋይል ሁለቴ ጠቅ አደረጉ። ጠቅ ባደረጉበት ጣት ወዲያው ማተሚያውን ነኩ።

የተቆረጠውን ከርነል ለሁለት ሳምንት ማስነሻው ዝርዝር ላይ ተውኩት። ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል ብዬ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ተመልሼ ለካሁ፣ 95 ነበር፣ 199ኛው መስመርም አልተነቃነቀም። ያኔ አጠፋሁት። ማሽኑ ጎን ላይ፣ በነጭ ፕላስተር፣ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፌ ለጠፍኩ። የሚቀጥለው ጠጋኝ እኔም ልሁን ሌላ ሰው፣ ማነጻጸሪያ ይኖረዋል።